ቅዳሜ ፈጣኑን ይነግረናል፤ አሸናፊውን የሚያውቀው ግን ጎማው ነው

ባለፈው ዓመት በዓድዋ በዓል ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ አንድ የቻናላችን ተከታታይ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ። «ወንድሜ፣ በአንተ ግምት 2,000 ብር ተበላሁ።»

ግራ ገባኝ። ግምቴ ልክ ነበራ! በዋዜማው ማርክ ማርኬዝ ያሸንፋል ብዬ ጽፌያለሁ፤ በማግስቱም ታይላንድ ቡሪራም ላይ የዓመቱን የመጀመሪያ የሞቶ ጂፒ ውድድር አሸንፏል። ታዲያ ልጁ በምን ተበላ?

ስጠይቀው ነገሩ ሌላ ሆነ። በዚያ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ ለማሳመር ያህል፣ «ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ማንም አይቀድመውም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። ማርክ በማጣሪያው አንደኛ ወጥቷል፤ የቅዳሜውን አጭር ውድድርም ወስዷል። ስለዚህ ካፌ ውስጥ «ማርክ ይሸነፋል» ብሎ የሚወራረድ ሰው ጠፋ። ልጁም የእኔን ዓረፍተ ነገር ይዞ «አንድም ዙር አይቀደምም» ብሎ ገባ።

እና ማርክ በ7ኛው ዙር ላይ፣ ማንም ሳይገፋው፣ ሞተሩም ሳይበላሽ፣ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ታናሽ ወንድሙን አሌክስን አሳለፈው። ከዚያ ለብዙ ዙር ከኋላው ተለጥፎ ተጓዘ። ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው አልፎት ሄዶ አሸነፈ።

ያየ ሁሉ «ለወንድሙ አዝኖለት ነው» አለ። አልነበረም። የፊት ጎማው አየር ጎድሎ ነው።

ለልጁ ይቅርታ ጠየቅኩት። ገንዘቡን ልመልስልህ ስለው «አይ፣ እሱስ ይቅር፤ ግን ለምን እንደሆነ ጻፍልን» አለኝ። ዓመት ሙሉ ሳላደርገው ቆየሁ። በመጪው እሑድ፣ የካቲት 22፣ በዓድዋ ዋዜማ፣ የ2026 የሞቶ ጂፒ ዓመት እዚያው ቡሪራም ላይ ይጀመራል። ዕዳዬን የምከፍልበት ጊዜ አሁን ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የውድድር ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማጣሪያው ምን ይነግረናል?

መጀመሪያ ለአዲስ ገቢዎች አሠራሩን ላስረዳ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት በሚደረገው ልምምድ ፈጣን የሆኑት 10 ሞተረኞች በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ማጣሪያ ያልፋሉ። የተቀሩት ቅዳሜ ጠዋት 15 ደቂቃ ይፋለሙና ከመካከላቸው ሁለቱ ይከተላሉ። እነዚህ 12ቱ ደግሞ በሌላ 15 ደቂቃ ከ1ኛ እስከ 12ኛ ያለውን የመነሻ ቦታ ይከፋፈላሉ። ያ ቦታ ለሁለቱም ውድድር ነው፤ ለቅዳሜው ስፕሪንትም፣ ለእሑዱ ዋና ውድድርም።

በዚያ 15 ደቂቃ ውስጥ የሚሆነውን አስቡት። ሞተረኛው አዲስ ለስላሳ የኋላ ጎማ ይገጠምለታል። ወጥቶ ጎማውን ያሞቃል፤ አንድ ወይም ሁለት ዙር ያለውን ሁሉ አውጥቶ ይነዳል፤ ይመለሳል። ሌላ አዲስ ጎማ፣ ሌላ ሙከራ። በቃ። ባለፈው ዓመት ማርክ ቡሪራም ላይ 1 ደቂቃ ከ28.782 ሰከንድ የገባው እንዲህ ነው።

እሑድ ግን 26 ዙር ነው። አንዱ ዙር 4.554 ኪሎ ሜትር ነው። ጎማ አይቀየርም። ሃያ ሁለት ሞተረኞች እርስ በርስ ትኩስ አየር እየተፋፉ የሚሄዱበት ነው። ስለዚህ ማጣሪያው «ይህ ሰው በአዲስ ጎማ፣ በባዶ መንገድ፣ ለአንድ ዙር ምን ያህል ፈጣን ነው?» የሚለውን ብቻ ይመልሳል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኛ የምንወራረድበት ጥያቄ ግን አይደለም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ የያማሃውን ፋቢዮ ኳርታራሮን ተመልከቱ። በ2025 አምስት ጊዜ በማጣሪያው አንደኛ ወጣ። ሄሬዝ፣ ለ ማን፣ ሲልቨርስቶን፣ አሰን፣ ፊሊፕ አይላንድ። እሑድ ስንቱን አሸነፈ? አንዱንም። እርግጥ ነው ሲልቨርስቶን ላይ እየመራ ሳለ የሞተሩን ከፍታ የሚያስተካክለው መሣሪያ ተበላሽቶበት ነው የወጣው፤ ያ ዕድል ነው እንበል። የቀሩት አራቱስ? እዚያው ቡሪራም ላይ ሌላው የያማሃ ሞተረኛ ጃክ ሚለር ባለፈው ዓመት ከ4ኛ ቦታ ተነሣ። እሑድ 11ኛ ሆኖ ጨረሰ። አንድ ዙር መብረር ሌላ፣ 26 ዙር ጎማን ይዞ መዝለቅ ሌላ።

የጎማ ነገር፣ በጎሚስታ ቋንቋ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ይህን የማስረዳው ሞተር ነድቶ ለማያውቅ ሰው ጭምር ነው።

ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ መስመር የሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌር ጠይቁ። ጠዋት በቀዝቃዛው የተለካ ጎማና በረሃ ገብቶ የተለካ ጎማ አንድ ዓይነት ቁጥር አያሳዩም። አየር ሲሞቅ ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ጎሚስታውም፣ ሹፌሩም ያውቁታል። የሞቶ ጂፒ ራስ ምታት በሙሉ ከዚህች ቀላል እውነት የተወለደ ነው።

የፊት ጎማ ግፊት ሲያንስ ጎማው መሬት ላይ ዘርጋ ይላል፤ ይነክሳል፤ ሞተረኛው ብሬክ ሲይዝ ያምነዋል። ሲበዛ ግን እንደ ኳስ ይሆናል፤ መሬት የሚነካው ክፍል ይጠብባል፤ ብሬክ ሲያዝ ይቆልፋል፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሁሉም ዝቅ ያለውን ይፈልጋል። ችግሩ በጣም ዝቅ ሲል ጎማው ከመጠን በላይ እየተጣጠፈ ውስጡ ይጎዳል። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሚበር ሞተር ላይ የፊት ጎማ ቢፈነዳ ምን እንደሚሆን መጻፍ አያስፈልገኝም።

ለዚህ ነው ብቸኛው ጎማ አቅራቢ ሚሽሊን «ከዚህ በታች አትውረዱ» የሚል ቁጥር ያስቀመጠው፤ አዘጋጆቹም ደንብ ያደረጉት። ከ2023ቱ የሲልቨርስቶን ውድድር ጀምሮ ቅጣት መጣበት። ከ2024 ወዲህ የሠራው ቁጥር ለፊት ጎማ 1.8 ባር ነው። እሑድ ከውድድሩ ዙሮች ቢያንስ 60 በመቶውን፣ በስፕሪንቱ ደግሞ 30 በመቶውን ከዚያ በላይ ሆኖ መጨረስ ግድ ነው። ያልቻለ እሑድ 16 ሰከንድ፣ ቅዳሜ 8 ሰከንድ ይጨመርበታል። አንደኛና ሁለተኛ በግማሽ ሰከንድ በሚለያዩበት ስፖርት 16 ሰከንድ ማለት «ወደ ቤትህ ሂድ» ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ልክ ነው። ጉዱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው።

የፊት ጎማውን የሚያሞቀው ብሬኩና አስፋልቱ ብቻ አይደለም። ከፊት ያለው ሞተር የሚለቀው ትኩስ አየር አለ። ከኋላ የሚከተለው ሰው ንጹሕና ቀዝቃዛ አየር ስለማያገኝ ጎማው ይግላል፤ ግፊቱ ይወጣል። የሚመራው ደግሞ ፊቱ ባዶ ነው፤ ነፋሱ ያቀዘቅዝለታል፤ ግፊቱ ይወርዳል። ዛሬ ሞተሮቹ ላይ የተለጠፉት ክንፎች ይህን ልዩነት አባብሰውታል።

መካኒኩ ግን አየሩን የሚሞላው ከመነሣቱ በፊት ነው! ስለዚህ መገመት አለበት። «የእኔ ሰው ይመራል ወይስ ይከተላል?» ይመራል ብሎ ከፍ አድርጎ ከሞላና ሞተረኛው መሐል ከተቀረቀረ፣ ጎማው እንደ ኳስ ይነፋና አንዱ መታጠፊያ ላይ ይጥለዋል። ይከተላል ብሎ ዝቅ አድርጎ ከሞላና ሰውየው ከመራ፣ ከ1.8 በታች ወርዶ ይቀጣል።

አሁን የባለፈውን ዓመት ቡሪራም እንደገና ተመልከቱት። ማርክ መራ፤ ነፋሱ ጎማውን አቀዘቀዘው፤ ግፊቱ ከመስመሩ በታች ወረደ። እሱም አሰበበት። ወንድሙን አሳልፎ፣ ከኋላው ሆኖ፣ የወንድሙን ትኩስ አየር እየጠጣ ጎማውን አሞቀ። ዙሩን ሲቆጥር ቆይቶ፣ በቂ ነው ሲል አልፎ ሄደ። ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀድሞ ገባ። አሌክስ ሁለተኛ፣ ፍራንቼስኮ ባኛያ ሦስተኛ።

ለዚህ ነው ልጁ የተበላው። እኔ የጻፍኩት ከማጣሪያው ሰዓት ተነሥቼ ነው። ውድድሩ ግን የተመራው በጎማው ውስጥ ባለ አየር ነው።

ሁሉም እንደ ማርክ አይቀናውም

ማርክ ራሱ ይህን ትምህርት የተማረው ተቀጥቶ ነው። በ2024 አሰን ላይ በተመሳሳይ ምክንያት ዲ ጃናንቶኒዮን አሳልፎ ነበር፤ አልበቃውም። 4ኛ ሆኖ ቢገባም 16 ሰከንዱ ተጨምሮበት 10ኛ ሆነ።

ዲ ጃናንቶኒዮም ከዚያ በፊት ቀምሷታል። በ2023 መጨረሻ ቫሌንሲያ ላይ ሁለተኛ ሆኖ ገብቶ፣ በዚያን ጊዜው ቀለል ባለው የ3 ሰከንድ ቅጣት አራተኛ ሆነ። ባለፈው ዓመት ኳታር ላይ ማቬሪክ ቪኛሌስ በኬቲኤም ሞተር የዓመቱን ድንቅ ውድድር ነድቶ ሁለተኛ ገባ። ቅጣቱ ሲደመር 14ኛ። ከዋንጫ ወደ 14ኛ! ያን ቀን ይህን ያህል ወደፊት እወጣለሁ ብሎ ያሰበ በቡድኑ ውስጥ አልነበረም ይሆናል። ከተገመተው በላይ ጎበዝ በመሆኑ ተቀጣ ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስቀው ብርኖ ነው። ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ፣ ባለፈው ዓመት፣ በቅዳሜው ስፕሪንት። ባኛያ ከአንደኛ ቦታ ተነሥቷል። ከፊቱ ያለው ሰሌዳ የጎማ ግፊት ማስጠንቀቂያ አሳየው፤ እሱም ግፊቱን ለመጨመር ብሎ ሰዎች አሳለፈ። ማስጠንቀቂያው ስህተት ነበር። 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያው ውድድር ማርክም ለፔድሮ አኮስታ መንገድ ለቀቀ፤ እሱ ግን መልሶ አልፎት አሸነፈ። አንድ ውድድር፣ ሁለት የዱካቲ ሞተረኛ፣ ሁለቱም ሆን ብለው ዘገዩ። ሰው ቲኬት ገዝቶ የሚያየው ይህን ነው።

እኔ የምለው

«ደንቡ ይነሣ» የሚሉ አሉ። አልስማማም። የጎማ አምራቹ አደገኛ ነው ያለውን ነገር ለመዝናኛችን ስንል እንለፈው ማለት ነውር ነው። ሞተረኛ ሁልጊዜ ዝቅ ያለውን ይመርጣል፤ ካልከለከሉት አደጋውን ይቀበላል። ከራሱ ጉጉት የሚጠብቀው ደንብ ያስፈልገዋል።

«ደንብ ደንብ ነው፤ መካኒኩ በትክክል ያስላ» የሚሉም አሉ። ከእነሱም ጋር አልስማማም። ምክንያቱም መካኒኩ የሚያሰላው ፊዚክስ ብቻ ቢሆን ይሁን። እያሰላ ያለው የሌሎቹን 21 ሰዎች ባሕርይ ነው። ማን ቀድሞ ይነሣል? ማን መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይወድቃል? የእኛ ሰው ማን ኋላ ይቀረቀራል? ይህ ስሌት አይደለም፤ ግምት ነው። እኔ ቻናል ላይ ከምጽፈው ግምት የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእሱ 25 ነጥብ ያስወስዳል።

ደንቡ ጥሩ ሐሳብ ይዞ የሚቀጣበትን ቦታ የሳተ ይመስለኛል። ደኅንነት ከሆነ ጉዳዩ፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ከመነሣታቸው በፊት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ዝቅተኛ መጠን ይቀመጥ፤ አቅራቢው ራሱ ለክቶ ያረጋግጥ። ከዚያ በኋላ የሚመራም፣ የሚከተልም የነዳውን ያህል ያግኝ። ይህም እንከን እንዳለው አውቃለሁ። ቁጥሩ ለሚመራው እንዲበቃ ተደርጎ ከተቀመጠ የሚከተሉት ሁሉ ጎማቸው ይነፋባቸዋል፤ መቀዳደም ከዛሬውም ይከብዳል። ቢያንስ ግን ውጤቱ ቼከርድ ባንዲራው ሥር ያልቃል። ሽልማት የተቀበለ ሰው ሰዓት ቆይቶ 14ኛ አይሆንም።

ደግሞ ጊዜው ተስማሚ ነው። ከ2016 ጀምሮ ብቸኛ አቅራቢ የነበረው ሚሽሊን የሚሰናበተው በዚህ ዓመት ነው። በ2027 ፒሬሊ ይገባል፤ የሞተሮቹ አቅምም ከ1000 ወደ 850 ሲሲ ይወርዳል። አዲስ ጎማ፣ አዲስ ሞተር፣ አዲስ ዘመን። አሮጌውን ደንብ ገልብጠው ቢያመጡት ግን ያዝንባቸዋል የሚባለው ተመልካች እኔ እሆናለሁ።

እንግዲህ ቡሪራም

ቡሪራም የራሷ ጠባይ አላት። በጣም ሞቃት ናት። አስፋልቱ ከ50 ዲግሪ በላይ የሚግልበት ጊዜ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ቀጥታ መንገድ፣ ከባድ ብሬክ፣ እንደገና ቀጥታ መንገድ፣ እንደገና ከባድ ብሬክ ነው። ይህ የፊት ጎማውን ያግላል፤ ሞተሩ ከዝግታ ሲፈተለክ ደግሞ የኋላውን ይጠብሰዋል። ለዚህ ሚሽሊን ለቡሪራም ከተለመደው ጠንከር ያለ አካል ያለው የኋላ ጎማ ነው የሚያመጣው። ይኸው ዓይነት ጎማ ኦስትሪያና ኢንዶኔዥያ ማንዳሊካ ላይም ይወጣል።

ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ግምቴ የሚቆመው በእሷ ላይ ነው። ጠንካራው ጎማ ሙቀቱን ይችላል፤ ግን መሬቱን እንደ ሌላው አይዝም። የሚንሸራተት ጎማ ላይ ተረጋግቶ መንዳት የሚችል ሞተርና ሞተረኛ ይጠይቃል። ባለፈው ዓመት በሁለቱም ቦታ፣ ኦስትሪያም ማንዳሊካም፣ በማጣሪያው አንደኛ የወጣው ማን ነበር? የአፕሪሊያው ማርኮ ቤዜኪ። ማንዳሊካ ላይ ስፕሪንቱንም ወስዷል። ከዚያ ዓመቱን የዘጋው ፖርቹጋልንና ቫሌንሲያን በተከታታይ አሸንፎ ነው።

ታማኝ ለመሆን ግን ሌላውንም ልናገር። ኦስትሪያ ላይ ቤዜኪ ብዙ ዙር መርቶ፣ ጎማው ሲያረጅበት ሦስተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። ያሸነፈው ማርክ ነበር። እንደገና ቅዳሜና እሑድ አልተግባቡም።

ማርክስ? ያለፈውን ዓመት 11 ዋና ውድድርና 14 ስፕሪንት አሸንፎ፣ ጃፓን ሞቴጊ ላይ ዋንጫውን ቀድሞ ወስዷል። በሳምንቱ ግን ማንዳሊካ ላይ፣ በመጀመሪያው ዙር፣ ቤዜኪ ከኋላ መትቶት ወደቀ፤ ቀኝ ትከሻው ተጎዳ፤ ተሠራለት፤ ዓመቱን ሳይጨርስ ቀረ። በ2020 ሄሬዝ ላይ የተሰበረውና ዓመታት የበላው ክንድ በዚያው በኩል ያለው ነው። ቡሪራም ካሏት 12 መታጠፊያዎች 7ቱ ወደ ቀኝ ናቸው። አንድ ዙር ለእሱ ምንም አይደለም። ሃያ ስድስት ዙር በዚያ ሙቀት ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

አሌክስ ማርኬዝ የዓመቱ ሁለተኛ ነው። ባለፈው ዓመት ቡሪራም ላይ ቅዳሜም እሑድም ሁለተኛ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ አዲሱን የፋብሪካ ዱካቲ ይዟል። ባኛያን ለመገመት ድፍረት የለኝም። ያለፈው ዓመት ሙሉ የፊት ጎማውን ማመን አቅቶት ነው ያለፈው፤ ሞቴጊ ላይ ግን ሁለቱንም ውድድር ወስዶ ሁላችንንም ዝም አሰኘን።

የሱፐርባይክ የሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ቶፕራክ ራዝጋትሊዮግሉ ወደ ያማሃ መጥቷል። ብሬክ አያያዙን ያየ ሁሉ ይጓጓል፤ እኔም ጓጉቻለሁ። ግን ቶፕራክ ያደገው በፒሬሊ ነው፤ የሚሽሊን የፊት ጎማ ሌላ ቋንቋ ነው። ቅዳሜ ጥሩ ሰዓት ቢያስመዘግብ እንኳ ለእሑድ አትቸኩሉ። የእሱ ዓመት 2027 ነው።

አዲስ ሰው ማስደንገጡ ግን አይቀርም። ባለፈው ዓመት እዚህ አይ ኦጉራ በመጀመሪያ ውድድሩ ስፕሪንቱን 4ኛ፣ እሑድን 5ኛ ሆኖ ሲጨርስ ስሙን በዝርዝሩ ያስገባ ገማች አላየሁም። እኔም አላስገባሁም።

ግምቴ፣ ከነምክንያቱ

በማጣሪያው አንደኛ፦ ቤዜኪ። በጠንካራው ጎማ ላይ ሁለት ጊዜ አሳይቶናል።

ስፕሪንት፦ ማርክ። 13 ዙር ትከሻውን አያደክምም፤ ጎማውም አያልቅም። የሚፈለገው 30 በመቶ ብቻ ስለሆነ የግፊቱ ጣጣም ቀለል ይላል።

እሑድ፦ ቤዜኪ፣ ማርክ፣ አሌክስ። ምክንያቱም ከፊት ከተነሣ መካኒኮቹ የሚሞሉት ለመሪ የሚሆን አየር ነው። ከመራ ደግሞ ግምታቸው ሠመረ፤ የሚከተሉት ጎማቸው እየነፋ ለመቅደም ይቸገራሉ። ልቤ «ማርክ» ይላል። ወረቀቴ ግን «ቤዜኪ» ብሏል፤ ዘንድሮ ወረቀቴን ልስማ።

አሁን ይህ ግምት የሚፈርስባቸውን ሦስት ነገሮች ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ያልነገርኳችሁ እነዚህን ነው።

አንደኛ፣ ቤዜኪ ከፊት ተነሥቶ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ከሦስትና አራት ሰው ኋላ ከቀረ ግምቴን ቅደዱት። ለመሪ የተሞላው ጎማው ትኩስ አየር ውስጥ ገብቶ ኳስ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ እሑድ ከመነሣታቸው በፊት የኋላ ጎማውን ጎን እዩ። ነጭ ምልክት ያለበት ለስላሳው ነው፤ ምልክት የሌለው መካከለኛው። ከፊት ካሉት አንዱ ብቻውን የተለየ ከመረጠ፣ ወይ ሌሎቹ ያላዩትን አይቷል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ እየቆመረ ነው። ባለፉት አሥር ዙሮች ውስጥ የትኛው እንደሆነ ይታወቃል።

ሦስተኛ፣ መሪው ያለ ምክንያት ከዘገየ «ደከመው» አትበሉ። ከኋላው ያለውን ርቀት ተመልከቱ። ተለጥፎ ከቀረ እየሞቀ ነው፤ ይመለሳል። እየራቀ ከሄደ እውነትም አልቆለታል።

ዝናብ ከመጣ ይህን ጽሑፍ እርሱት። በ2022 እዚያ ዝናብ ጥሎ ሚጌል ኦሊቬራ አሸነፈ፤ በ2024ም ዝናብ ነበር፤ ባኛያ ወሰደው። ለዝናብ ግምት የለኝም።

ስለ ግምት አንድ ነገር

በቴሌግራም ላይ ግምት የሚሸጥበት ዘመን ላይ ነን። «እርግጠኛ» የሚል ቃል ከፊቱ ተለጥፎበት፣ ምክንያቱ ሳይነገር፣ ስምና ቁጥር ብቻ ይለጠፋል። የሚያነበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈላጊ ልጅ ነው፤ 200 ብር ከእናቱ ተበድሮ የሚያስይዝ። ግምቱ ሲሳሳት ገማቹ ጽሑፉን ያጠፋል። ልጁ ግን ዕዳውን ማጥፋት አይችልም።

እኔም አንድ ቀን፣ በአንዲት ለማሳመር በተጻፈች ዓረፍተ ነገር፣ ከእነሱ አንዱ ሆኜ ነበር። መሳሳቴ አይደለም ጥፋቴ። ስለ ጎማው ግፊት አውቅ ነበር። የአሰኑን ቅጣት በዚሁ ቻናል ጽፌዋለሁ። ግን ጥርጣሬ ጽሑፉን ያቀዘቅዘዋል ብዬ ተውኩት። የማውቀውን ጥርጣሬ ደብቄ እርግጠኝነት ሸጥኩ፤ በነፃም ቢሆን ሸጥኩ ነው የምለው።

ስለዚህ ቃል ልግባ። ከእንግዲህ እዚህ ቻናል ላይ ምን ቢሆን እንደሚፈርስ ያልተጻፈበት ግምት አይወጣም። እናንተም ከማንም ግምት ስትቀበሉ ያንኑ ጠይቁ። «ምን ካየሁ ልተወው?» በሉት። መልስ ከሌለው ግምት አይደለም፤ ምኞት ነው። ደግሞም በእኔ ግምት ገንዘብ አታስይዙ። የቡድኑ መካኒክ እንኳ፣ ያ ሁሉ ኮምፒውተር ከፊቱ ተደርድሮ፣ ማን እንደሚመራ ሳያውቅ ነው አየሩን የሚሞላው።

ማጣሪያው ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ የእሑዱ ውድድር ከረፋዱ 5 ሰዓት። ጾም ስለሆነ ጥቁር ቡናዬን ይዤ፣ የካፌውን ልጅ ከኳሱ ለአንድ ሰዓት እንዲቀይርልኝ ለምኜ እቀመጣለሁ። ያ 2,000 ብር የተበላው ወዳጄም ይመጣል። ቡናውን የምከፍለው እኔ ነኝ። ተስማምተናል።

የእናንተን ግምት ከታች ጻፉልኝ፤ ከሚፈርስበት ምክንያት ጋር። ሰኞ ከዓድዋ በዓል መልስ የማን እንደቆመ፣ የማን እንደፈረሰ አብረን እናያለን። የእኔም ቢሆን አይጠፋም፤ እዚሁ ተለጥፎ ይቆያል።

ቸር ያሰማን።